90 በመቶ ይላል፤ ቀሪው 10ስ ምንድን ነው?

ሰላም ለሁላችሁም። ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ካናቢስ በሕግ በተፈቀደባቸው ቦታዎች፣ ካናዳም በሉት አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች፣ የቬፕ ካርትሪጅ (በባትሪ እየሞቀ የሚሳብ የካናቢስ ዘይት የያዘ ትንሽ ዕቃ) ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ያው አንድ ነው። «ቲኤችሲው ስንት ነው?» ቲኤችሲ ካናቢስን አስካሪ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው፤ መጠኑ በመቶኛ ይነገራል። 76 ከሆነ ይመልሰዋል። 92 ከሆነ ይገዛዋል። በቃ፣ ምርጫው እዚያ ላይ አለቀ። ሻጩም ይሄን ያውቃል፣ አምራቹም ያውቃል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ከሁሉም በላይ ጎላ ብሎ የሚጻፈው ይሄው ቁጥር ነው።

ዛሬ የምለው ይሄን ነው፦ ቁጥሩ የአንድ ንጥረ ነገርን መጠን ይነግራችኋል፣ ጥራትን ግን አይነግራችሁም። መጠኑንም ቢሆን ሁልጊዜ በትክክል አይናገርም። ከቲኤችሲው ጋር አብሮ ምን ሳንባችሁ እንደሚገባ፣ ዘይቱ እንዴት እንደተመረተ፣ የሚያሞቀው ዕቃ ከምን እንደተሠራ፣ ሲግል ወደ ምን እንደሚለወጥ፣ ስለዚህ ሁሉ ዝም ነው። ሳንባ ደግሞ እንደ ሆድ አይደለም። የምንውጠው ነገር ወደ ቀረው ሰውነታችን ከመድረሱ በፊት በአንጀትና በጉበት ያልፋል፤ የምንስበው ግን በሰከንዶች ውስጥ ደም ውስጥ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ማንንም «ተጠቀሙ» ለማለት አልመጣሁም። ሳንባን የማይጎዳ ቬፕ የለም። ለታዳጊዎች፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ራሳቸው ወይም ቤተሰባቸው ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ጥሩ የሚባል ካርትሪጅ የለም። በ2019 ላንሴት ሳይካትሪ በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ10 በመቶ በላይ ቲኤችሲ ያለው ካናቢስ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ጨርሶ ከማይጠቀሙት ጋር ሲነጻጸሩ የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) ዕድላቸው ወደ 5 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። ከ10 በላይ ነው ያልኩት፤ የቬፕ ዘይት 80 እና 90 ነው። በብዙ አገር ደግሞ ነገሩ ሕገወጥ ነው፤ ሕገወጥ በሆነበት ቦታ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው መፈተሻዎች አብዛኞቹ አይኖሩም። ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን የሚጠቀም ሰው አለ። የሚጠቀም ሰው ደግሞ ምን እየሳበ እንደሆነ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ የቆምኩትም ለዚህ ነው።

የአረፋው ነገር

በፈረንጆቹ 2019 አጋማሽ ላይ አሜሪካ ውስጥ ደህና የነበሩ ወጣቶች ትንፋሽ እያጠራቸው ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። ሳል፣ የደረት ውጋት፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ። ሲያዩት የሳንባ ምች ይመስላል፤ አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው ግን ለውጥ የለም። አንዳንዶቹ በመተንፈሻ ማሽን እስከ መረዳት ደረሱ። በሽታው ኢቫሊ ተባለ። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 18፣ 2020 ድረስ 2,807 ሰዎችን መዝግቦ ነበር። ከነዚህ ውስጥ የ68ቱ ሞት ተረጋግጧል። አብዛኞቹ የተጠቀሙት ቲኤችሲ ያለበት ቬፕ ነው፤ ያገኙትም በብዛት ከጓደኛ፣ ከዘመድ ወይም ከመንገድ ሻጭ ነው።

ተመራማሪዎች ከ51 ታማሚዎች ሳንባ የወሰዱትን ፈሳሽ ሲመረምሩ በ48ቱ ውስጥ አንድ ነገር አገኙ፦ ቫይታሚን ኢ አሲቴት። ለንጽጽር ከታዩት 99 ጤናማ ሰዎች ውስጥ በአንዱም አልተገኘም። ይሄ ነገር የቆዳ ቅባት ውስጥ ያለ፣ በእንክብል መልክም የሚዋጥ ነው። ቢቀቡት ወይም ቢውጡት ብዙ ችግር አይሰማም። አሙቆ መሳብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ካርትሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዛሬው ጉዳይ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። ገዢዎች አንድ የታወቀ መፈተሻ ነበራቸው። ካርትሪጁን ይገለብጡታል። ውስጡ ትንሽ የአየር አረፋ አለች። አረፋዋ ቶሎ ብላ ወደ ላይ ከወጣች ዘይቱ ቀጥኗል፣ ተበርዟል ማለት ነው። እየተጎተተች፣ ቀስ እያለች ከወጣች ደግሞ ዘይቱ ወፍራም ነው። ወፍራም ከሆነ ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ከሆነ ኃይለኛ ነው። አስተሳሰቡ ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ ያልተበረዘ ዲስቲሌት፣ ማለትም ተጣርቶ የወጣ የካናቢስ ዘይት፣ በእርግጥም እንደ ማር የሚንቀረፈፍ ነገር ነው። ችግሩ በራዦቹም ይሄንኑ ፈተና ማወቃቸው ነው። ቫይታሚን ኢ አሲቴት ወፍራም ነው፣ ሽታ የለውም፣ መልኩም ከዘይቱ ጋር ይመሳሰላል። ዘይቱን ቀንሰው በሱ ቢተኩት አረፋዋ ያው ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። ገዢው ገልብጦ አየ፣ ረካ፣ ከፈለ።

ገዢው የሚያየው አንድ ምልክት ብቻ ከሆነ፣ ያቺን ምልክት ማስመሰል ይበቃል። በዚያው ዓመት ኤንቢሲ ኒውስ 18 ካርትሪጆችን በላቦራቶሪ (ከዚህ በኋላ ባጭሩ ላብ እላለሁ) አስመርምሮ ነበር። ከሕጋዊ ሱቅ የተገዙት 3ቱ ንጹሕ ሆነው ወጡ። ከሕገወጥ ሻጮች ከተገዙት 15 ውስጥ 13ቱ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበረባቸው። ፀረ-ተባይ ኬሚካል እንዳለባቸው የተፈተሹት 10ሩም፣ አንድም ሳይቀር፣ ተገኘባቸው።

ቁጥሩ ራሱስ ይታመናል?

አሁን አረፋ የሚያይ ሰው ቀንሷል። የአረፋዋን ቦታ መቶኛው ወስዶታል። ታሪኩም እየተደገመ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የቲኤችሲውን መጠን የሚለካውን ላብ የሚመርጠውም የሚከፍለውም አምራቹ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጥ ላብ ደንበኛ ያገኛል። አስተካክሎ የሚለካው ደግሞ ደንበኛ ያጣል፤ ምክንያቱም ገዢው 92ን እንጂ 84ን አይፈልግም። በ2023 ፕሎስ ዋን በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከኮሎራዶ ሱቆች የተገዙ 23 የካናቢስ አበባ ናሙናዎችን ለካ። ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ከ15 በመቶ በላይ ያነሰ ቲኤችሲ ነው የነበራቸው። ይሄ አበባ ነው፤ ዘይት ይበልጥ አንድ ወጥ ስለሆነ ለመለካት ይቀላል። ቁጥሩን ከፍ የማድረግ ግፊቱ ግን ሁለቱም ጋ ያው ነው።

እሺ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው እንበል። 80 እና 90 መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው? ከ80 ላይ ስታስሉት ስምንተኛ እጅ ነው፤ 12.5 በመቶ። አሁን አንዱ ሰው 3 ሰከንድ ሳበ፣ ሌላው 4 ሰከንድ ሳበ። የሰከንዷ ልዩነት 33 በመቶ ነው። ሰው ስሜቱን እያየ ቀስ ብሎ ይስባል ወይም ይደጋግማል፤ የባትሪው ኃይል ይለያያል፤ የማሞቂያው ዓይነት ይለያያል። ሰው ብዙ ገንዘብ ጨምሮ የገዛት የ10 ነጥብ ብልጫ አንድ ሰከንድ ረዘም አድርጎ በመሳብ ትጠፋለች።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ተመራማሪዎች በ2020 ያወጡት ጥናት ይሄን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። 121 ተጠቃሚዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ 16 ወይም 24 በመቶ ቲኤችሲ ያለው አበባ፣ ሌሎቹ 70 ወይም 90 በመቶ ያለው ጭማቂ፣ ማለትም ከተክሉ ተጨምቆ የወጣ የተከማቸ ምርት፣ ተጠቀሙ። ተመራማሪዎቹ ላብ የሆነ መኪና ይዘው ቤታቸው በር ላይ ሄደው ደማቸውን ለኩ። ጭማቂ የተጠቀሙት ደም ውስጥ የተገኘው ቲኤችሲ በጣም ከፍ ያለ ነበር። የስሜቱ መጠን፣ የሚዛንና የማስታወስ ችግሩ ግን በሁለቱ መካከል ብዙ አልተለያየም። ደም ውስጥ ብዙ መግባቱ ደስታን በዚያው ልክ አልጨመረም። ሰውነት የለመደውን መጠን ግን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ሲል ደግሞ የሚያስፈልገው ይበዛል። እኔ ይሄን ጥቅም አልለውም።

ቀሪው

እንግዲህ ርዕሱ ላይ ወዳለው ጥያቄ እንምጣ። የላብ ሪፖርት ስታገኙ መጀመሪያ ደምሩ። ለምሳሌ አንዱ ሪፖርት እንዲህ ይበል፦ ቲኤችሲ 84.1፤ የቲኤችሲ ዘመዶች የሆኑት ሌሎች ካናቢኖይዶች፣ ሲቢጂ 2.3፣ ሲቢሲ 1.1፣ ሲቢኤን 0.9፤ ተርፒን (የተክሉ መዓዛ የሚመጣበት ንጥረ ነገር) በድምሩ 7.6። ይደመር፤ 96 ይመጣል። የቀረው 4 በመቶ የተክሉ ሰም፣ ቅባት፣ በስም ያልተለካ ነገርና የመለኪያ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ይሄ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሌላው ሪፖርት ደግሞ ቲኤችሲ 71፣ ሌሎች ካናቢኖይዶች 1.5 ብሎ ያቆማል፤ ተርፒን አልተለካም። 27.5 በመቶው ምንድን ነው? ከሩብ በላይ የሚሆነውን ነገር ማንም አልነገራችሁም። ምናልባት ተርፒን ነው፣ ምናልባት ማቅጠኛ ነው። ሻጩን «ቀሪው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልስላችሁ ሰው ካለ ጥሩ ነው። «ዝም ብለህ ሞክረው» የሚላችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ማቅጠኛ ስል ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል፣ ኤምሲቲ የሚባለው ዘይት ማለቴ ነው። ምግብ ወይም መድኃኒት ውስጥ ተፈቅደዋል የሚል መከራከሪያ ትሰማላችሁ። ውሃ አያነሳም። መዋጥና መሳብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕሮፒሊን ግላይኮል በጣም ሲግል ፎርማልዲሃይድ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ይሰጣል፤ ኤምሲቲ ደግሞ ቅባት ስለሆነ ሳንባ ውስጥ የሚሄድበት የለውም። ኮሎራዶ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ቫይታሚን ኢ አሲቴትን፣ ፖሊኤቲሊን ግላይኮልንና ኤምሲቲን ከሚሳቡ ምርቶች ውስጥ ከልክላለች። ደንብ በሌለበት ቦታም ቢሆን ይሄን ዝርዝር ለራሳችሁ ያዙት።

ከዚያ ብክለት አለ። ዘይት የሚሠራው ብዙ አበባን ጨምቆ ነው። ተክሉ ላይ የተረጨ ፀረ-ተባይ ካለ እሱም አብሮ ይጨመቃል። ማይክሎቡታኒል የሚባል ፀረ-ሻጋታ አለ፤ ሲግል ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለ መርዝ ይለቃል። ወይን ላይ ቢረጩት ወይኑ ይታጠባል፣ ይበላል፤ ማንም አያቃጥለውም። ካርትሪጅ ግን ሥራው ማጋል ነው። «ከሕጋዊ ሱቅ ነው የገዛሁት» ማለትም ሁሉን ነገር አይዘጋም። በ2024 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ስለ ካናቢስ ከሚዘግበው ዊድዊክ ጋር ሆኖ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሕጋዊ ሱቆች የተገዙ 42 ምርቶችን አስመርምሮ 25ቱ ላይ ከግዛቷ ገደብ ወይም ለትምባሆ ከወጣው የፌዴራል ደረጃ ያለፈ ፀረ-ተባይ አግኝቷል። ይሄን የምለው ሕጋዊውም ሕገወጡም ያው ነው ለማለት አይደለም፤ በፍጹም። ሕጋዊው ቢያንስ ሪፖርት አለው፣ ባች ቁጥር (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተበት መለያ) አለው፣ ችግር ሲገኝ ከገበያ የሚሰበስበው አካል አለ።

የማሟሟያ ቅሪትም አለ። ቢውቴን፣ ፕሮፔን፣ ኤታኖል፣ ሄክሴን። እነዚህ ቲኤችሲውን ከተክሉ ለማውጣት ያገለግላሉ፤ ከዚያ ተነው መውጣት አለባቸው። ካሊፎርኒያ ለቢውቴን ከአንድ ሚሊዮን እጅ 5,000፣ ለሄክሴን 290፣ ለቤንዚን ደግሞ 1 ብቻ ትፈቅዳለች። ቤንዚን ያልኩት ለመኪና የሚቀዳውን አይደለም፤ ካንሰር በማምጣት የሚታወቀውን ኬሚካል ነው። ከቁጥሮቹ ልዩነት የትኛው የበለጠ እንደሚፈራ ታያላችሁ። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «አልፏል» የሚለውን ቃል ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። የተገኘው መጠን ስንት ነው? ገደቡ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ጭራሽ አልተገኘም?

ሪፖርት ካነሳን አይቀር፣ የባች ቁጥሩን ማሸጊያው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ኪውአር ኮዱ ወደ ላቡ ገጽ ነው የሚወስዳችሁ ወይስ አምራቹ ወዳስቀመጠው ፎቶ? ፎቶ መቀየር ቀላል ነው። ቀኑን እዩ። ላቡ አይኤስኦ 17025 የሚባለው የብቃት ማረጋገጫ አለው ወይ? ከሁሉም በላይ ምርመራው ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ «የላብ ሪፖርት አለን» ሲባል የኃይል፣ ማለትም የቲኤችሲ መጠን፣ ምርመራ ብቻ ነው ያለው። ያ ማለት ያው መቶኛው በደብዳቤ መልክ መጣ ማለት ነው።

ዕቃው

ስለ ካርትሪጁ ራሱ የሚያወራ ሰው ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን ግማሹ ጉዳይ እዚህ ነው። ዘይቱ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ወራት ሙሉ ብረት ነክቶ የሚቀመጥና ብረት ላይ የሚግል ነገር ነው።

ካርትሪጅ መሀሉ ላይ ቀጭን ቱቦ አለው፤ አየሩ የሚያልፍበት ነው። ከታች ማሞቂያው አለ፤ ድሮ ጥጥ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነበር፣ አሁን አብዛኛው ባለቀዳዳ ሴራሚክ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ነው። ከሥሩ ከባትሪው ጋር የሚጠመድበት፣ 510 የሚባለው የብሎን ጥርስ አለ። 10 ጥርስ ነው፣ በ0.5 ሚሊሜትር ልዩነት የተቆረጠ፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። እነዚህ ትንንሽ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ከናስ ይሠራሉ። ናስ ለመቆረጥ እንዲመች እርሳስ ይጨመርበታል። ለኤሌክትሮኒክስ የወጣው የአውሮፓ ደንብ በመዳብ ቅይጥ ውስጥ፣ ናስም አንዱ ነው፣ እስከ 4 በመቶ እርሳስ ይፈቅዳል። ለሽቦ መሰኪያ ምንም አይደል። እስቲ ከካሊፎርኒያ ገደብ ጋር አስተያዩት፦ ለሚሳብ የካናቢስ ምርት በአንድ ግራም ውስጥ የእርሳስ ጣሪያው 0.5 ማይክሮግራም ነው። ካድሚየም 0.2፣ አርሴኒክ 0.2፣ ሜርኩሪ 0.1። ዘይቱ ሥራው ማሟሟት የሆኑ ተርፒኖችን ይዞ እንዲህ ያለ ናስ ላይ ወራት ቢቀመጥ ምን ሊከተል እንደሚችል ለማሰብ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም።

በ2023 የካናዳ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የኬሚስቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ያቀረቡት ሥራ ይሄንኑ ነው ያሳየው። የቬፕ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ አገኙ። ከሕገወጦቹ ብቻ አይደለም፤ ከሕጋዊዎቹም ነው። ጨርሶ ተሞቀው የማያውቁ ካርትሪጆች ውስጥም ነበር። እንግዲህ ዘይቱ ካርትሪጅ ከመግባቱ በፊት በርሜል ላይ እያለ ከተመረመረ፣ ሪፖርቱ ስለዚህ ምንም ሊነግራችሁ አይችልም። ጠይቁ፦ የተመረመረው በርሜሉ ነው ወይስ የተሞላው ካርትሪጅ? ዘይት የሚነካው ክፍል ከምንድን ነው የተሠራው? ስቴንለስ ወይም ሙሉ ሴራሚክ ከሆነ አምራቹ ራሱ በኩራት ይጽፈዋል። ዝም ካለ ዝምታውም መልስ ነው።

ባትሪው ደግሞ አለ። ባትሪ ላይ ያለችው ቁልፍ ቮልቴጅ ትቀይራለች፤ ሰው 2.8 እና 4.0 ትንሽ ልዩነት ይመስለዋል። ኃይሉ ግን የቮልቴጁን ካሬ ነው የሚከተለው። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 1.4 ኦም በሆነ ማሞቂያ ላይ 2.8 ቮልት 5.6 ዋት ይሰጣል፤ 4.0 ቮልት ደግሞ ከ11 ዋት በላይ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ትልቅ ጭስ ይወጣል፣ ጉሮሮ ይቆነጥጣል፣ ሰውም «ኃይለኛ ነው» ይላል። ኃይለኛው ዘይቱ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች በ2017 እንዳሳዩት ተርፒኖች ከመጠን በላይ ሲግሉ ሜታክሮሊን የተባለ መርዛማ ኬሚካልና ቅድም ያነሳሁትን ቤንዚን ይፈጥራሉ። እነሱ የሞከሩት ዳቢንግ በሚባለው፣ ከቬፕ በበለጠ በሚግለው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር መጥፎው ነገር ይበዛል። ጥሩ ካርትሪጅ ዝቅ ባለ ቮልቴጅ የሚሠራ ነው። ዝቅ አድርጋችሁ ምንም ካልወጣው፣ ከፍ አድርጋችሁ ከተቃጠለ፣ ማሞቂያው ዘይቱን በደንብ አይጠጣም ማለት ነው። የተቃጠለ ጣዕም ከመጣ አቁሙ። «ትንሽ ቀርቷል፣ ልጨርሰው» አይባልም፤ ዘይት ያልደረሰው ማሞቂያ ደረቁን እየጋለ ነው።

መዓዛው

የዘይት ዓይነቶችን ቶሎ ልለፋቸው። ዲስቲሌት ማለት ተጣርቶ ተጣርቶ በአብዛኛው ቲኤችሲ የቀረው ነው፤ 85 እና 90 የሚደርሰው እሱ ነው፣ ጣዕም የለውም፣ ተርፒን ኋላ ይጨመርበታል። ላይቭ ሬዚን ሳይደርቅ፣ እንደተቆረጠ በረዶ እንዲሆን ከተደረገ ተክል በማሟሟያ የወጣ ነው። ሮዚን ያለ ማሟሟያ፣ በሙቀትና በጫና ብቻ የተጨመቀ ነው። ሁለቱ በመቶኛ ከዲስቲሌት ብዙ ጊዜ ያንሳሉ፤ ያነሱት ደግሞ ተክሉ ራሱ የሠራቸውን ሌሎች ነገሮች ስለያዙ ነው። 90ን ብቻ የሚያሳድድ ሰው እነዚህን «ደካማ» ብሎ ያልፋቸዋል። ያሳዝነኛል።

ተርፒን ጌጥ ብቻ አይደለም። ካርዮፊሊን፣ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው፣ ሲቢ2 ከሚባለው የሰውነት ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። በ2024 ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ የተደረገ ትንሽ ሙከራ፣ 20 ሰዎች የተሳተፉበት፣ ሎሚ ልጣጭ ውስጥ ያለው ሊሞኒን ከቲኤችሲ ጋር ሲሳብ ቲኤችሲው የሚያመጣውን ጭንቀት እንደቀነሰ አሳይቷል። 20 ሰው ነው፤ ሁሉን ነገር አይወስንም። ግን ሁለት ካርትሪጆች እኩል 85 ሆነው ስሜታቸው የተለያየ የሚሆንበት ምክንያት እንዳለ ይጠቁማል።

መብዛቱም ግን ችግር ነው። የተፈጥሮ ተርፒን አበባ ውስጥ በጥቂት መቶኛ ነው ያለው። አንዳንድ አምራች ዲስቲሌቱ እንዲቀጥንለትና መዓዛው አፍንጫ እንዲመታ አብዝቶ ይከተዋል። ሲስቡት ጉሮሮ የሚልጥ፣ እንደ ከረሜላ ወይም እንደ አርቲፊሻል ፍራፍሬ የሚሸት ከሆነ ተርፒኑ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ከካናቢስ ነው፣ ከሌላ ተክል ነው ወይስ ምግብ ላይ የሚጨመር ማጣፈጫ ነው? የመጨረሻው መልስ ከሆነ አትንኩት።

ቀለም አያታልላችሁ። ነጣ ያለ ዘይት ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ያረጀና የጠቆረ ዘይትን በሸክላ ዱቄት አጣርቶ ማንጣት ይቻላል። ጠቆር ያለውም የግድ መጥፎ አይደለም። ቀለም ጠቃሚ የሚሆነው ያው የእናንተው ካርትሪጅ ከገዛችሁት በኋላ ሲለወጥ ነው። ብርሃንና ሙቀት ቲኤችሲን ቀስ በቀስ ወደ ሲቢኤን ይለውጡታል፣ ተርፒኑም ይበናል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ ካርትሪጅ ማሸጊያው 90 ቢልም 90 አይደለም። ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ዴልታ 8፣ ቲኤችሲ-ኦ እየተባሉ የሚሸጡ የቲኤችሲ ዘመዶች አሉ። ዴልታ 8 አብዛኛውን ጊዜ ሲቢዲ ከሚባለው፣ ከማያሰክረው የካናቢስ ንጥረ ነገር፣ በአሲድ ተለውጦ የሚሠራ ነው፤ በመንገዱ ላይ ስማቸው የማይታወቅ ተረፈ ምርቶች ይፈጠራሉ፣ ተራው የላብ ምርመራም አይፈልጋቸውም። ቲኤችሲ-ኦ ደግሞ አሲቴት ነው፤ ልክ እንደ ቫይታሚን ኢ አሲቴት። በ2022 የፖርትላንድ ስቴት ተመራማሪዎች ሲግል ኬቲን የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ እንደሚያወጣ አሳይተዋል። ከ2019 በኋላ ይሄን ለመሸጥ የሚደፍር ሰው መኖሩ ያናድደኛል።

የመጨረሻው መፈተሻ የራሳችሁ ሰውነት ነው። አዲስ ካርትሪጅ ከጀመራችሁ በኋላ የማይለቅ ሳል፣ የደረት ውጋት፣ ደረጃ ስትወጡ ያልነበረ የትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት ወይም ማስመለስ ከመጣ በዚያው ቀን አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትሄዱ እውነቱን ተናገሩ። በ2019 ብዙ ሰው የሳንባ ምች መድኃኒት ሲውጥ የከረመው ምን እንደሳበ አፍሮ ወይም ፈርቶ ስላልተናገረ፣ ሐኪሙም ስላልጠየቀ ነው። ካርትሪጁንም አትጣሉት። ግማሹ ቢቀር እንኳ ከነማሸጊያው ላስቲክ ውስጥ አስገቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ባች ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ውስጡ ምን እንደነበረ ላብ ሊያውቅ የሚችለውም ከዚያች ከቀረችው ጠብታ ነው።